ከንፈረ አጭሯ የውሸት ዓሣ

ጋሼ ሓድጉ የማጥመጃ ሳጥኑን የሚከፍተው ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ፣ ጀርባውን ለነፋስ ሰጥቶ ነበር። ክዳኑ ሲነሳ ሦስት ትሪዎች እንደ ደረጃ ይዘረጋሉ። በየትሪው ላይ የውሸት ዓሦች ተኝተዋል፤ ከእንጨት የተጠረቡ፣ ቀለም የተቀቡ፣ ዓይን የተሳለላቸው፣ ከሆዳቸው ሥር ባለ ሦስት ጫፍ መንጠቆ የተንጠለጠለባቸው። የዝገትና የቆየ ውሃ ሽታ ፊቴን ይመታኛል። ያንን ሽታ እስከ ዛሬ እጠላዋለሁ፤ እስከ ዛሬም ይናፍቀኛል።

በፈረንጆቹ 1983 ነው፤ ቅጠል የሚረግፍበት ወቅት። እኔ፣ ሰገነት፣ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። የምንኖረው አምስተርዳም፣ ኒው ዌስት፣ አሳንሰር በሌለው ፍላት አራተኛ ፎቅ ላይ ነበር። አባዬ ማንደፍሮ ልቡን ታሞ ከሥራ ከቀረ ከርሟል፤ ለታመመ ሠራተኛ በሚሰጠው፣ ዚክተወት በሚባለው ድጎማ እየኖረ የቀዶ ጥገና ተራውን ይጠብቃል። እማዬ የትነበርሽ ቅዳሜ ቅዳሜ ቢሮ ስለምታጸዳ፣ በዚያ ቀን የኔ ጠባቂ አባዬ ነው። የአባዬ ጠባቂ ደግሞ ሓድጉ።

ሓድጉ አስመራ ተወልዶ፣ ምጽዋ ላይ የባሕር ኃይል መካኒክ የነበረ ሰው ነው፤ አማርኛውንም የለመደው እዚያ ነው። ዛሬ ስለ እሳቸው ሳወራ «እሳቸው» ነው የምለው። ያኔ ግን እዚህ አገር ያደግን ልጆች አክብሮት የሚባል ነገር ምላሳችን ላይ አልነበረም። እማዬ ክንዴን እየቆነጠጠችኝም «አንተ ሓድጉ» ነበር የምለው። ስለዚያ ዘመን ሳወራ በዚያው በልጅነት አፌ ልቀጥል።

ሐይቁ ስሎተርፕላስ ከቤታችን የአሥር ደቂቃ መንገድ ነው። ዳር ዳሩ ሣር የበቀለበት፣ ጥልቀት የሌለው ውሃ ነው። መሃሉ ግን ለግንባታ አሸዋ የተዛቀበት ጉድጓድ ስለሆነ ታቹ አይታይም። ጀልባው ከኛ በታች፣ ምድር ቤት የሚኖር የአንድ ሆላንዳዊ ሽማግሌ ነበር፤ ስሙን ስለማናውቅ ሁላችንም መኔር፣ አቶ እንደማለት፣ ብቻ እንለዋለን። ሓድጉ ይቀዝፋል፤ አባዬ ከኋላ ተቀምጦ ዘንጉን ይይዛል፤ እኔ መሃል ላይ ሳጥኑን አቅፋለሁ። ጀልባው ሲሄድ የውሸቷ ዓሣ ሠላሳ ሜትር ያህል ከኋላችን እየዋኘች ትከተላለች። የምናድነው ስኑክ የሚባለውን፣ አፉ እንደ ዳክዬ የረዘመ፣ ትንንሽ ዓሦችን የሚውጥ ትልቅ ዓሣ ነው።

ዋናው ነገር ከንፈር ነው። ከውሸቷ ዓሣ አገጭ ሥር ጠፍጣፋ የፕላስቲክ ከንፈር አለ። ከንፈሯ አጭር ከሆነ ስትጎተት ከውሃው ፊት ብዙም አትርቅም፤ ረጅም ከሆነ ግን ውሃው ወደ ታች እየገፋት ትጠልቃለች። ሓድጉ ያን ሰሞን ሁልጊዜ የሚመርጠው ያቺን ከንፈረ አጭር፣ ቀይ ነጠብጣብ ያላትን ቢጫ ነበር። ረጅም ከንፈር ያላት አረንጓዴዋ ከታችኛው ትሪ አትነሳም ነበር።

«እስቲ ዛሬ አረንጓዴዋን እንሞክር» ይላል አባዬ።

«አይሆንም። ሣር ይይዛትና ትቀርብኛለች።»

«እንዴ፣ መሃል ላይ ምን ሣር አለ?»

«አንተ በሽተኛ ነህ፣ እኔ መካኒክ ነኝ። ስለ ዕቃ የሚያውቀው ማን ነው?»

አባዬ ይስቃል። ሲስቅ ደረቱን በእጁ ይደግፍ ነበር።

አባዬ ያንን ትልቅ ዓሣ ለምን እንደፈለገው አውቃለሁ፤ ጀልባው ላይ ሲናገር ስንቴ ሰምቼዋለሁ። የተወለደው ጎርጎራ፣ ጣና ዳር ነው። እናቱ፣ አያቴ ብዙወርቅ፣ ከዓመት በፊት ባስጻፈችው ደብዳቤ «በሰው አገር ምን ትበላለህ? ሰውነትህስ እንዴት ነው?» ብላ ጠይቃዋለች። አልመለሰላትም። መልሱን ሊጽፍ ሲል ታመመ፤ ከታመመ በኋላ ደግሞ አፈረ።

«ታምሜ ተኝቻለሁ ልበላት? ወይስ ደኅና ነኝ ብዬ ልዋሻት?» ይለዋል ሓድጉን። «አንድ ሜትር የሞላ ስኑክ በያዝኩ ማግስት ጎንደር፣ የአጎቴ ልጅ ሱቅ ስልክ አስይዛለሁ። ከጎርጎራ ያመጧታል። እማ፣ ልጅሽ አምባዛን የሚያስንቅ ዓሣ ያዘ እላታለሁ። ይህን ከሰማች ሆዴ እንደጠገበ ታምናለች። አልዋሸኋትም ማለት ነው።»

ለዚህ ብሎ የእማዬን የልብስ መለኪያ ሜትር ከጸደይ ጀምሮ በካፖርት ኪሱ ይዞ ይዞር ነበር። እንደታጠፈ፣ ምንም ሳይለካበት።

አንድ ቅዳሜ የጀልባውን ቁልፍ ለመመለስ ወደ መኔር ወረድኩ። ሽማግሌው በሩ ላይ ቆሞ በምን እንደምናጠምድ ጠየቀኝና ስነግረው ራሱን ነቀነቀ።

«ኖቬምበር ላይ ትልቁ ዓሣ ታች ነው የሚተኛው» አለኝ በራሱ ቋንቋ። «በአጭር ከንፈር ከአናቱ በላይ ነው የምታልፉት። ጓደኛችሁ ደግሞ ይህን ያውቃል፤ ያስተማርኩት እኔ ነኝ።»

አራት ፎቅ ደረጃ የወጣሁት በንዴት ነው። ሓድጉ ያውቃል! አውቆ ነው አባዬን የሚያስለፋው። ያን ሰሞን ምቀኛ የሚል ቃል ከእማዬ ተምሬ ነበር፤ እነሆ ባለቤቱን አገኘሁለት።

በዚያው ሳምንት እትዬ ወለተሥላሴ ከዴን ሃግ መጡ። በዚያን ጊዜ ሆላንድ ውስጥ የነበርነው ሐበሾች ጥቂት ስለነበርን፣ ክርስትና ቢሆን፣ ጠብ ቢሆን፣ የሁሉ ነገር ዳኛ እሳቸው ነበሩ። አባዬ መኝታ ቤት አሸልቧል። እሳቸው፣ እማዬና ሓድጉ ኩሽና ገብተው በሩን ገርበብ አደረጉት። እኔ ኮሪደሩ ላይ ከተሰቀሉት ካፖርቶች መሃል ተሸሸግሁ።

«ለቀጠሮው ሦስት ሳምንት ብቻ ነው የቀረው» አለች እማዬ።

«እስከዚያ ትልቁን እንዳይዝ ማድረግ ያንተ ፋንታ ነው፣ ሓድጉ» አሉ እትዬ ወለተሥላሴ። «ሌላ ምንም አልሰጠንህም፤ ይቺን ብቻ።»

«እያደረግሁ ነው እትዬ። ዓይኑን ማየት ግን ከበደኝ።»

«ዓይኑን አትይ። ውሃውን እይ።»

ከዚያ እማዬ አፏን በፎጣ አፍና አለቀሰች። ሁለቱ ሰዎች አባዬ ላይ ሊያድሙ እያስገደዷት መሰለኝ።

ዛሬ፣ በዚያች ኩሽና ጠረጴዛ ላይ ምን እንደነበር አውቃለሁ። እትዬ ወለተሥላሴ ቦርሳቸው ውስጥ ከሳምንታት በፊት ከጎንደር የመጣ ደብዳቤ ይዘው ነበር። አያቴ ብዙወርቅ መስከረም ላይ አርፋለች። ሐኪሙ ደግሞ ለእማዬ፣ ቀዶ ጥገናው እስኪያልቅ ድረስ ይህ ሰው አይደንግጥ ብሏታል። መርዶ በኛ ዘንድ ዝም ብሎ የሚነገር ነገር አይደለም። ሰው ተሰብስቦ፣ ገና ሳይነጋ፣ ሲወድቅ የሚይዘው ክንድ ከጎኑ ቆሞ ነው የሚነገረው። አባዬ ስልክ ከደወለ ግን የጎንደሩ ዘመድ እውነቱን በሽቦው ላይ ያፈርጠዋል። ስለዚህ ስልኩ መደወል የለበትም፤ ስልኩ እንዳይደወል ዓሣው መያዝ የለበትም፤ ዓሣው እንዳይያዝ ከንፈረ አጭሯ መታሰር አለባት። ሦስት ትልልቅ ሰዎች አንድ ሰው እንዲተርፍ ብለው በአንዲት ቢጫ እንጨት ላይ ተማምለው ነበር።

እኔ ይህን አላውቅም። ለኔ የታየኝ፣ አባቴ ሲታለል ነው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሓድጉ ቢጫዋን እንደ ልማዱ አሰረና መቅዘፊያዎቹን ሊያመጣ ወደ መጋዘኑ ሄደ። አባዬ ሻርፑን አንገቱ ላይ እየጠመጠመ ነበር። የውሸቷ ዓሣ ከገመዱ ጋር የምትያያዘው መርፌ ቁልፍ በመሰለች ማያያዣ ስለሆነ ለልጅ ጣት አያስቸግርም። ቢጫዋን ፈታሁ፤ አረንጓዴዋን አሰርኩ፤ ሓድጉ ሳይመለስ ውሃ ውስጥ ጣልኳት። አባዬን ያዳንኩት መስሎኝ ነበር።

ጭጋግ ወርዶ የማዶ ፍላቶች ከወገባቸው በላይ አይታዩም። መሃል ስንደርስ ሓድጉ ግንባሩን ቋጠረ።

«ዘንጉ ዛሬ ምን ሆኖ ነው እንዲህ የጎበጠው?»

«ቅጠል ይዞ ነዋ» አለ አባዬ።

ቃሉን ሳይጨርስ ዘንጉ ከእጁ ሊያመልጥ ተወረወረ። የገመዱ ማጠንጠኛ ጮኸ። ሓድጉ መቅዘፊያውን ለቆ ብድግ ሲል ጀልባው ተንገዳገደ።

«ስጠኝ ማንደፍሮ! እኔ ልያዘው! ልብህ!»

«ዞር በል!» አባዬ እንዲያ ጮኾ አያውቅም። ፊቱ በላብ ርሷል፤ ከንፈሩ ጠቁሯል፤ ግን እየሳቀ ነው። ይጎትታል፣ ይለቃል፣ ይጎትታል። ስንት ደቂቃ እንደሆነ አላውቅም። በመጨረሻ ከዚያ ከጨለማው ውሃ ውስጥ አረንጓዴ ጀርባ ብቅ አለ፤ ሓድጉ መረቡን ሰደደለት።

አባዬ ከኪሱ ሜትሩን አወጣ። አንድ ጫፉን እኔ ያዝኩ። አንድ ሜትር ከአራት ሳንቲ ሜትር።

ሓድጉ መንጠቆውን ለማውጣት የዓሣውን አፍ ሲከፍት ረጅሟን ከንፈር አየ። እጁ ቆመ።

«እንዴ! አረንጓዴዋ ናት!» አለ አባዬ። «ማን ነው ያሰራት?»

እኔ ነኝ ልል አፌን ከፈትኩ። ሓድጉ ቀና ብሎ አየኝ። ያን አስተያየት አልረሳውም፤ ለረጅም ጊዜ ቁጣ ነው ብዬ አምን ነበር። ከዚያ ወደ አባዬ ዞረ።

«እኔ ነኝ» አለ። «ሰለቸኝና እስቲ ብዬ ነው።»

ደሜ ፈላ። አባዬን አታለለ፤ አሁን ደግሞ የኔን ሥራ የራሱ አደረገው! አባዬ ወደ ዓሣው ሲያጎነብስ ጠብቄ ለሓድጉ ምላሴን አወጣሁበት። አባዬ የሓድጉን ትከሻ አቅፎ «ወንድሜ!» ይላል፤ «ሰኞ ስልክ አስይዛለሁ! ሰኞ እማን አናግራታለሁ!» ይላል። ሓድጉ መቅዘፊያውን አንስቶ ወደ ዳር ቀዘፈ። እንባው በጉንጩ ላይ ይወርድ ነበር።

«ምን ሆነሃል?» አለው አባዬ።

«ነፋሱ ነው።»

ነፋስ አልነበረም። ቅናት ነው አልኩ በልቤ፤ ደስም አለኝ።

ዓሣውን በጋዜጣ ጠቅልለን በረንዳው ብርድ ላይ አኖርነው። እማዬ ከሥራ ገብታ ስታየው ጫማዋን ሳታወልቅ ኮሪደሩ ወለል ላይ ተቀመጠች። «ደክሞኝ ነው» አለች። አባዬ መታጠቢያ ቤት መስተዋት ፊት ጢሙን እየላጨ «እማ፣ ትሰሚኛለሽ? እኔ ነኝ፣ ማንደፍሮ ነኝ» እያለ ይለማመድ ነበር። ሓድጉ እራት ሳይበላ ወጣ። መንገድ ጥግ ባለው የስልክ ሳጥን ውስጥ ቆሞ ሲደውል በመስኮት አየሁት፤ ሳንቲም ይከታል፣ ያወራል፣ እንደገና ይከታል።

እሑድ ገና ጎህ ሲቀድ ደወሉ ተደወለ። ቀድሜ የከፈትኩት እኔ ነኝ። ደረጃው በሰው ተሞልቷል። ከፊት እትዬ ወለተሥላሴ፤ ከኋላቸው ከዴን ሃግ፣ ከሮተርዳም የመጡ የማውቃቸውም የማላውቃቸውም ሰዎች፣ ጥቁር ካፖርት ለብሰው፣ የተሸፈነ ድስት ተሸክመው። መጨረሻ ላይ ሓድጉ።

ይህን ሁሉ ሰው በእሑድ ማለዳ ምን ሊያመጣው ይችላል? ዓሣው ነዋ! ሓድጉ ሲደውል ያመሸው ለዚህ ነው። ትናንት ምላሴን በማውጣቴ ትንሽ አፈርኩ። ወደ በረንዳው ሮጬ በጅራቱ ይዤ ጎተትኩት፤ ጋዜጣው ተቀደደ፤ ምንጣፉን በንፍጡ እያበላሸሁ አምጥቼ እግራቸው ሥር ዘረጋሁት።

«አባዬ ነው የያዘው!» አልኩ። «አንድ ሜትር ከአራት!»

እትዬ ወለተሥላሴ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ።

አባዬ በፒጃማ ብቅ አለ። ሰዎቹን አየ፤ ዓሣውን አየ፤ ፊቱ በፈገግታ በራ።

«ኧረ ጉድ ነው! ለዓሣ ብላችሁ ነው በዚህ ብርድ? ሓድጉ፣ አንተ ነህ...»

ሓድጉ አቀርቅሯል። አባዬ ድስቶቹን አየ። የሴቶቹን ነጠላ አየ። ፈገግታው ከፊቱ ላይ ወዲያው አልጠፋም፤ የሚሄድበት ያጣ ይመስል ቆየ።

«ማን ነው?» አለ። «እማ ናት?»

ሁለት ወንዶች ክንዱን ያዙት። ከዚያ በኋላ የሰማሁትን ጩኸት እዚህ አልጽፈውም። ሰው ሁሉ አብሮ ጮኸ፤ ቤቱ በእግር ተሞላ፤ አንዱ አንስቶ እስኪወስደው ድረስ ያ ዓሣ መሃል ወለል ላይ ነበር፤ አልቃሾቹም እየዞሩት ያልፉ ነበር። እኔ ካፖርቶቹ መሃል ገብቼ፣ አባዬ ዓሣው ስለተረገጠበት የሚያለቅስ መስሎኝ አብሬው አለቀስኩ።

አባዬ ለቀጠሮው አራት ቀን ሲቀረው፣ ተኝቶ ሳለ ሞተ።

በለቅሶው ላይ እትዬ ወለተሥላሴ ሓድጉን በሰው ፊት «አንዲት ነገር ነበር የሰጠንህ፤ አንዲት! ሰለቸኝ ትላለህ?» አሉት። ሓድጉ ኮፍያውን በሁለት እጁ ይዞ፣ ቆሞ ሰማቸው። እማዬ ከዚያ ቀን ወዲያ በሯን አልከፈተችለትም። መንገድ ላይ ስታየው ትሻገራለች። በዓመቱ ዞተርሜር ቤት አግኝቶ ሄደ አሉ፤ ማንም አልሸኘውም።

እውነቱን ሁሉ እማዬ የነገረችኝ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሲሞላኝ ነው፤ ደብዳቤውን፣ ስልኩን፣ ከንፈረ አጭሯን። «ያ ሰው ያቺን አረንጓዴ ነገር ባያስር ኖሮ አባትሽ ሐኪም ቤት ይደርስ ነበር» ብላ ጨረሰች። ያን ጊዜ ነው የሓድጉ አስተያየት የገባኝ። ቁጣ አልነበረም። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ምን ልትሸከም እንደሆነ ከኔ በፊት አይቶ ነው ከእጄ የወሰደው።

ያንኑ ዕለት ለእማዬ መናገር ነበረብኝ። አልተናገርኩም። ፈራሁ፤ ፈሪ ነበርኩ፣ ሌላ ስም የለውም። በእንክብካቤ ሥራ ላይ ስሰማራ የአባዬን የሕክምና ፋይል አስወጥቼ አነበብኩ። ልቡ ክፉኛ ደክሞ ስለነበር፣ ምንም ባይደነግጥ እንኳ እስከ ቀጠሮው ላይደርስ ይችል ነበር ይላል። «ይችል ነበር» የምትለዋን ይዤ ስንት ሌሊት ተገላብጬባታለሁ። እማዬ ሓድጉን ስትረግም ዝም እያልኩ ኖርኩ። ባለፈው ፋሲካ ሰሞን፣ እንደተቀየመችው፣ አረፈች።

ከቀበርኳት በኋላ ዞተርሜር ሄድኩ። ጋሼ ሓድጉ በአረጋውያን ቤት ውስጥ በአንዲት ክፍል ይኖራሉ፤ መስኮታቸው የትራሙን ሐዲድ ያያል። ገና ስገባ አወቁኝ። «ጓለይ» አሉኝ፤ በሳቸው ቋንቋ ልጄ ማለት ነው፤ ጀልባው ላይም እንዲያ ነበር የሚሉኝ። ከንፈራቸው ሰማያዊ ሆኗል። ጠረጴዛው ላይ ያሉትን መድኃኒቶች አየኋቸው፤ ሥራዬ ስለሆነ ምን እንደሆኑ አውቃለሁ። የልብ ናቸው።

ቁጭ ሳልል ተናገርኩ። «ጋሼ፣ አረንጓዴዋን ያሰርኳት እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ። ማያያዣዋን ገልብጠሽ ነበር የቆለፍሻት።»

«ታዲያ ለምን? ይህን ሁሉ ዓመት!»

«ለማን ብዬ ላውራው?» አሉና ሳቁ። «ምላስሽንም አውጥተሽብኝ ነበር።»

እጃቸውን ይዤ አለቀስኩ። ስጨርስ መሐረባቸውን ሰጡኝና፣ ብዙ ጊዜ አፋቸው ላይ የቆየ ጥያቄ መሆኑ እያስታወቀባቸው፣ ወደ መስኮቱ ዞረው ጠየቁኝ።

«እናትሽስ? የትነበርሽ ደኅና ናት?»

ክፍሉ ውስጥ ከኛ ሌላ ማንም አልነበረም። ከሰዓት በኋላ ነው። ከጎናቸው የሚቆም ክንድ የኔ ብቻ ነው።

«ደኅና ናት» አልኩ። «ሰላም በይልኝ ብላኛለች።»

«እኔን?» አሉ። «የትነበርሽ እኔን?»

«እርስዎን።»

መሐረባቸውን መልሰው ወሰዱና ለረጅም ጊዜ ፊታቸውን ሸፈኑበት።